የሌሊት ወፏ ጥርሷን ያገጠጠችው ለምንድን ነው? በቴሌቪዥን ለሚደርስባት እንግልት ጥብቅና ለቆመ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በቴሌቪዥን የፍርሃት ውድድሮችና የጀብዱ መሰናዶዎች በሌሊት ወፎች ላይ ስለሚደርሰው እንግልት የሚሰማውን ወቀሳ ያለ ቦታው የፈሰሰ አዛኝነት አድርገው ይመለከቱታል። መነሻ ያደረጉት ብዙዎቻችን በአንድም በሌላም መልክ ያየነውን ዓይነት ትዕይንት ነው፤ ተወዳዳሪው በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ይጋደማል፣ በላዩ ላይ የሌሊት ወፎች ከከረጢት ይራገፋሉ፣ እርሱ ይጮኻል፣ እነርሱ ከመስተዋቱ ጋር ይላተማሉ፣ ከጎን ሰዓቱ ይቆጥራል። አለዚያም አንድ አቅራቢ ዋሻ ውስጥ ገብቶ አንዷን በባዶ እጁ ይይዝና ክንፎቿን ወጥሮ በኃይለኛ መብራት ፊት ያቆማታል።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ለማስቀመጥ ልሞክር። በእነዚህ ትዕይንቶች እንስሳዋ አትሞትም፤ ለጥቂት ደቂቃ ታይታ ትለቀቃለች፤ ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ይይዟታል፤ ስለዚህ «ጭካኔ» የሚለው ቃል አይገባም ይላሉ። የሌሊት ወፎች በሚሊዮን ስለሚቆጠሩ በካሜራ ፊት የጥቂቶች መንገላታት ዝርያውን አይነካውም ሲሉም ያክላሉ። ቀጥለው ደግሞ እንስሳዋ በእርግጥም በሽታ ተሸካሚ ስለሆነች ቴሌቪዥኑ የሚፈጥረው ፍርሃት ሰውን ከአደጋ እንደሚጠብቅ፣ ማንም የማያውቃት እንስሳም ተቆርቋሪ ስለማይኖራት ክፉም ቢሆን መታየት ከመረሳት እንደሚሻል ይከራከራሉ። በመጨረሻም የሰው ልጅ ስንት መከራ እያለበት ስለ ሌሊት ወፍ መጨነቅ ቅንጦት ነው፣ አይጥ በወጥመድ የሚገድልና ሥጋ የሚበላ ሰውም ይህን ወቀሳ ለማንሳት አፍ የለውም ብለዋል።

ከእነዚህ ነጥቦች መካከል ቅንጣት እውነት የሌለበት አንድም የለም። ጽሑፉ ያን ያህል የተሰራጨውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ችግሩ ጸሐፊው ከእያንዳንዱ እውነት ተነሥተው የሚደርሱበት መደምደሚያ ነው።

«አትሞትም፣ ትለቀቃለች» ከሚለው ልጀምር። ስሟ በአማርኛ ወፍ ቢላትም እርሷ ልጇን የምታጠባ እንስሳ ናት፤ ክንፍ የምንለውም እጅግ በረዘሙ የጣት አጥንቶች ላይ የተወጠረ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የደም ሥሮቹ የሚታዩ ስስ ቆዳ ነው። እንግዲህ አቅራቢው ስፋቱን ለማሳየት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲወጥረው የሚጎትተው የእንስሳዋን ጣቶች ነው። አጥንቷ የተሰነጠቀ ወይም ቆዳዋ የተቀደደ የሌሊት ወፍ ከካሜራው ፊት ተነሥታ ጥቂት ርቀት በርራ ልትሰወር ትችላለች፤ በዚያው ሌሊት ግን በአየር ላይ ነፍሳት አሳድዳ መያዝ ካቃታት የሚጠብቃት ረኀብ ነው። «ተለቀቀች» የሚለው ቃል የሚነግረን ቀረጻው የት ላይ እንዳበቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ተመልካች የለም።

የመስተዋቱ ሣጥን ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። አብዛኞቹ ነፍሳት በሊታ የሌሊት ወፎች በጨለማ የሚመሩት የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ አውጥተው የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ለስላሳ ገጽ ድምፁን ወደ እንስሳዋ ከመመለስ ይልቅ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቀው እርሷ ባዶ ቦታ ያለ መስሏት እየበረረች ትላተመዋለች። በሌላ አነጋገር የመስተዋት ግድግዳ ለእርሷ እንደሌለ ያህል ነው። ተመልካቹ የሌሊት ወፎቹ በሰውየው ላይ ጥቃት የሰነዘሩ የሚመስለው በአብዛኛው መውጫ ፍለጋ ሲላተሙ እያየ ነው። ትልልቆቹ ፍራፍሬ በሊታዎች በበኩላቸው በአብዛኛው የሚመሩት በዓይናቸው ነው፤ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አጥርቶ ለማየት በተሠራ ዓይን ላይ የስቱዲዮ መብራት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ወደ ዋሻው ስንመለስ ጉዳቱ እንስሳዋን ሳይነኩም ሊደርስ ይችላል። በቀዝቃዛ አገሮች የሚኖሩ ብዙ ዝርያዎች የብርድ ወራትን የሚያልፉት የሰውነት ሙቀታቸውንና የልብ ምታቸውን እጅግ ዝቅ አድርገው በመተኛት ነው። በእነዚያ ወራት የሚበላ ነፍሳት ስለሌለ ስንቃቸው ከብርዱ በፊት ያጠራቀሙት ስብ ብቻ ሲሆን፣ ከዚህም ስብ አብዛኛው የሚቃጠለው በመካከል በሚነቁባቸው ጥቂት ጊዜያት ነው። በ2006 እና በ2007 መካከል ባለው የብርድ ወቅት በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበውና ነጭ አፍንጫ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ሚሊዮኖችን የፈጀውም በዋነኛነት በዚሁ መንገድ ነው፤ ፈንገሱ ቆዳቸውን እያወከ ደጋግሞ ይቀሰቅሳቸዋል፣ ስቡ ከወቅቱ በፊት ያልቃል፣ ይሞታሉ። መብራትና ጩኸት ይዞ ወደ ተኙበት ዋሻ የሚገባ የቀረጻ ቡድን ይህንኑ መቀስቀስ በአነስተኛ መጠን እየደገመው ነው። የፈንገሱ ዘር በጫማ፣ በልብስና በመሣሪያ ከዋሻ ወደ ዋሻ ሊጓዝ መቻሉ ደግሞ በብዙ ቦታ ዋሻዎች ለጎብኚ እንዲዘጉና የሚገቡ ሰዎች ዕቃቸውን በመድኃኒት እንዲያጥቡ ያስገደደ ጉዳይ ነው።

ተመራማሪዎችም ይይዟታል መባሉ እውነት ነው፤ ይህን ነጥብ ያለ ማንገራገር እቀበላለሁ። መያዝ በራሱ ጭካኔ አይደለም። ነገር ግን ተመራማሪው ፈቃድ አለው፤ ክትባት ወስዷል፤ ጓንት አጥልቋል፤ ጥሩ ባለሙያ ከሆነም ለክቶና መዝኖ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቃታል፤ ያረገዘችውንና የምታጠባዋን ደግሞ በተለየ ጥንቃቄ ይይዛል። የቴሌቪዥኑ አዘጋጅ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ እንስሳዋ ከተረጋጋች ትዕይንቱ አይሠራለትምና።

ይህም ከአምስቱም ነጥቦች በላይ አስፈላጊ ወደሆነው፣ ጸሐፊው ግን ጨርሶ ወዳላነሡት ጉዳይ ያመጣኛል። ጥርሷን ያገጠጠች፣ አፏን የከፈተች፣ ዓይኗ የፈጠጠ የሌሊት ወፍ ሥዕል በሁላችንም አእምሮ ውስጥ አለ። ይህ ሥዕል ከየት መጣ? የአሜሪካዊው የሌሊት ወፍ ተመራማሪ ሜርሊን ተትል ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ተትል በ1970ዎቹ መጨረሻ ስለ ሌሊት ወፎች ለናሽናል ጂኦግራፊክ እንዲጽፉ ተጠይቀው ነበር፤ አብረው ሊታተሙ የተዘጋጁትን ፎቶዎች ሲያዩ እንስሳቱ ሁሉ ጥርሳቸውን ያገጠጡ ሆነው አገኟቸው። ፎቶ አንሺዎቹ እንስሳዋን ይዘው፣ አስጨንቀው፣ ራሷን ለመከላከል አፏን ስትከፍት ነበር የሚያነሷት። ተትል ከዚያ በኋላ ራሳቸው ፎቶ ማንሳት ተማሩ፤ እንስሳቱን በትዕግሥት አለማምደው ሲያነሷቸው የሚታየው ፊት ፈጽሞ የተለየ ሆነ። ከሚበሩት መካከል ብዙዎቹ አፋቸውን የሚከፍቱትም ለመናከስ ሳይሆን መንገድ የሚያሳያቸውን ድምፅ ለማውጣት ነው።

እንግዲህ የቴሌቪዥኑ ጭካኔ ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ የሚረሳ ክፋት አይደለም፤ ማስረጃ እያመረተ ነው። መጀመሪያ እንስሳዋን ያስጨንቃታል፤ ከዚያ ጭንቀቷን ቀርጾ «ተፈጥሮዋ ይህ ነው» ብሎ ያሳየናል። ጸሐፊው «የሌሊት ወፍ አስፈሪ መሆኗን ማንም አይክድም» ሲሉ የሚጠቅሱት ማስረጃ ራሱ የዚሁ ማምረቻ ውጤት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ እንዲህ ያለ ምስል ከተተከለ በኋላ አለመነቀሉ ነው። በ1958 የወጣና ኦስካር የተሸለመ አንድ የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልም ሌሚንግ የተባሉት ትንንሽ አይጥ መሰል እንስሳት በመንጋ ራሳቸውን ከገደል ሲወረውሩ አሳይቶ ነበር። እንስሳቱ ቀረጻው ወደተካሄደበት ወደ ካናዳዋ አልበርታ ግዛት ከሌላ ቦታ ተገዝተው የመጡ እንደነበሩና ከገደሉ የገፏቸውም ቀራጮቹ እንደሆኑ የካናዳ ቴሌቪዥን በ1982 አጋለጠ። ሆኖም ሌሚንግ በራሷ ላይ ሞት የምትፈርድ እንስሳ ናት የሚለው ተረት ዛሬም ከብዙ ሰው አፍ አልጠፋም።

«በሚሊዮን ይቆጠራሉ» ለሚለው መልሱ አጭር ሊሆን ይችል ነበር፤ በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ በቢሊዮን ይቆጠሩ የነበሩት ተጓዥ እርግቦች የመጨረሻዋ በ1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞታለች። ነገር ግን ስለ ሌሊት ወፎች የተለየ ምክንያትም አለ። ከ1,400 የሚበልጡ ዝርያዎች ያሏቸው እነዚህ እንስሳት፣ ከአጥቢዎች ዝርያ አንድ አምስተኛ ገደማ ቢሆኑም፣ አብዛኞቹ በዓመት የሚወልዱት አንድ ግልገል ብቻ ነው። ክብደታቸው የአይጥ ያህል ቢሆንም ኑሯቸው የአይጥ አይደለም፤ በሳይቤሪያ ምልክት ከተደረገባት ከ41 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኘች 7 ግራም ገደማ የምትመዝን የሌሊት ወፍ ተመዝግባለች። አይጥ በወራት ውስጥ የምትተካውን ቁጥር የሌሊት ወፍ ለመተካት ዓመታት ይፈጅባታል። በዚያ ላይ ብዛታቸው ራሱ በአንድ ቦታ የተከማቸ ነው፤ በቴክሳስ ብራከን በተባለ አንድ ዋሻ ውስጥ ብቻ በበጋ ከ15 ሚሊዮን በላይ ይሰበሰባሉ። በሌላ ጎን፣ ነጭ አፍንጫ ከመምጣቱ በፊት በሰሜን አሜሪካ በጣም ተራ ከሚባሉት አንዷ የነበረችው ትንሿ ቡናማ የሌሊት ወፍ በሽታው በደረሰባቸው አካባቢዎች ከመቶ ዘጠና በላይ አልቃለች። ዛሬ በሚሊዮን መቆጠር ለነገ ዋስትና አይሆንም።

አንድ የቴሌቪዥን መሰናዶ አንድን ዝርያ አጥፍቷል ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ ግን እኔም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እቃወመዋለሁ፤ አንዳንድ ተቆርቋሪዎች በዚህ ረገድ አጋነዋል። የኔ ሥጋት በሣጥኑ ውስጥ ባሉት ሃያ እንስሳት አይወሰንም። የሌሊት ወፎችን ከሌሎች የዱር እንስሳት የሚለያቸው መዋያቸው ከሰው ጋር የተጠጋ መሆኑ ነው፤ ጣሪያ ሥር፣ ድልድይ ሥር፣ የተተወ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከመንደር የማይርቅ ዋሻ ውስጥ። ጠባቂና አጥር የላቸውም። አንድ ሰው በችቦ ወይም በመጥረጊያ ፊት ለፊታቸው በሚቆምባት ቅጽበት ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ቀድሞ በአእምሮው የተቀመጠው ምስል ነው። በመጋቢት 2020 በሰሜናዊ ፔሩ በካሃማርካ ክልል ሰዎች ኮሮናን ፈርተው የሌሊት ወፎችን በእሳት በማጥቃታቸው የአገሪቱ የደንና የዱር እንስሳት አገልግሎት ሕዝቡን እንዲታገስ ለመማጸን ተገዷል። ያን ያደረገው የመዝናኛ መሰናዶ ነው አልልም፤ ፍርሃቱን ያመጣው ወረርሽኙ ነው። ነገር ግን ችቦ ከማንሳት በፊት አንድ አፍታ ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ሌላ ምስል በሰዎቹ አእምሮ ውስጥ ማን አኖረላቸው?

አሁን ወደ በሽታው ልለፍ፤ የጸሐፊው ጠንካራ መከራከሪያ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የሌሊት ወፎች ለሰው አደገኛ የሆኑ ቫይረሶችን እንደሚሸከሙ አልክድም። ማርበርግ የተባለው ቫይረስ ግብፃዊ በሚባለው ፍራፍሬ በሊታ የሌሊት ወፍ ውስጥ እንደሚኖር ተረጋግጧል። በአሜሪካ ውሾች በክትባት ከተጠበቁ ወዲህ ከሚከሰተው ጥቂት የሰው የእብድ ውሻ በሽታ አብዛኛው የሚመጣው ከሌሊት ወፍ ንክሻ ነው። በአውስትራሊያም በ1996 የተገኘው ተመሳሳይ ቫይረስ ሰው ገድሏል። መጠኑን ለማወቅ ያህል ግን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ውሾችን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ በሰው ላይ እናራግፍ ያለ አዘጋጅ ግን አልሰማሁም።

እንግዲህ አደጋው እውነት ከሆነ ቴሌቪዥኑ የሚያስተምረው ምንድን ነው? ጸሐፊው ጥንቃቄን ነው ይላሉ። ትዕይንቱን በድጋሚ እንየው፤ ክትባት ይኑረው አይኑረው ያልተነገረን አቅራቢ በባዶ እጁ የዱር የሌሊት ወፍ ይይዛል፤ ተወዳዳሪው ፊቱን ሳይሸፍን በሚያንጠባጥቡ እንስሳት ሥር ይተኛል። የጤና ባለሙያዎች ምክር «አትንኩ» የሚል ነው፤ ማያ ገጹ የሚያሳየው ደግሞ ነክቶ ሳቅና ሽልማት ማግኘትን ነው። በ2008 በኡጋንዳ ፓይተን የተባለውን ዋሻ ጎብኝተው የተመለሱ አንዲት ሆላንዳዊት ቱሪስት በማርበርግ ሞተዋል። ያን ዓይነት ዋሻ የጀብዱ መድረክ አድርጎ የሚያሳይ መሰናዶ የተመልካቹን ፍርሃት ሊጨምር ይችላል፤ የሚያስተምረው ድርጊት ግን ወደ በሽታው የሚያቀርብ ነው። ለእንስሳዋም መዘዝ አለው፤ የሌሊት ወፍ ሰው ከነከሰች የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለባትና እንደሌለባት የሚታወቀው አንጎሏ ተመርምሮ ስለሆነ ምርመራው የሚካሄደው ከተገደለች በኋላ ነው። አንድ ያልተጠነቀቀ የቀረጻ ባለሙያ ጣቱን ቢነከስ «አትሞትም» የተባለችው እንስሳ ሞቷ ያኔውኑ ተፈርዷል።

ፍርሃት ይጠብቀናል የሚለውን በተመለከተ ደግሞ ከኡጋንዳው ኪታካ ማዕድን ማውጫ የተሻለ ትምህርት የለም። በ2007 በዚያ የሚሠሩ ማዕድን ቆፋሪዎች በማርበርግ ከታመሙ በኋላ በዋሻው የነበሩት የሌሊት ወፎች በሙሉ እንዲጠፉ ተደረገ፤ ብዛታቸው ከመቶ ሺህ ያላነሰ ነበር። በ2012 ከዚያ ብዙም በማይርቀው በኢባንዳ አካባቢ በአገሪቱ ታሪክ ትልቁ የተባለው የማርበርግ ወረርሽኝ ተነሣ። ተመራማሪዎች ወደ ማዕድን ማውጫው ተመልሰው ሲመረምሩ ቦታውን ጥቂት አዳዲስ የሌሊት ወፎች ይዘውት አገኙ፤ በቫይረሱ የተያዙት ድርሻ ግን ከግድያው በፊት ከመቶ 5 ገደማ የነበረው ወደ 13 ከፍ ብሏል። በፔሩ በደም መጣጭ የሌሊት ወፎች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አመልክቷል፤ አልፎ አልፎ ግድያ በተካሄደባቸው መንጋዎች ለእብድ ውሻ ቫይረስ የተጋለጡት ድርሻ ምንም ካልተነኩት ከፍ ያለ ነበር። ምክንያቱ ለመረዳት የሚከብድ አይደለም፤ በሽታውን ታግለው ያለፉ አዋቂዎች ሲገደሉ በባዶው ቦታ የሚገቡት መከላከያ የሌላቸው ወጣቶችና እንግዶች ናቸው። ፍርሃት ሰውን ከዋሻው ቢያርቀው ኖሮ ጸሐፊው እውነት በያዙ ነበር፤ ፍርሃት ግን በታሪክ እንደታየው ሰውን እሳት አስይዞ ወደ ዋሻው ይመልሰዋል።

«ክፉም ቢሆን መታየት ይሻላል» የሚለው ነጥብ ብልህ ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚያምንበትም አውቃለሁ። ቴሌቪዥን ለዱር እንስሳት ጥበቃ ትልቅ ውለታ መዋሉንም አልክድም። ይሁንና ምን ዓይነት መታየት ምን እንደሚያስከትል የተጠና ጉዳይ ነው። በ2008 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ የተመራማሪዎች ጽሑፍ እንደገለጸው ሰዎች ቺምፓንዚ ከጎሪላና ከኦራንጉታን ይልቅ ለመጥፋት ያልተቃረበች እንስሳ አድርገው የመቁጠር ዝንባሌ ነበራቸው፤ ከሰጧቸው ምክንያቶች ዋነኛው ደግሞ በቴሌቪዥን፣ በማስታወቂያና በፊልም አዘውትረው ስለሚያዩዋት ነው። መታየቷ ለእርሷ ጥበቃ አላመጣም፤ ይልቁንም ጥበቃ እንደማያስፈልጋት አስመሰለ። ሎሪስ የተባለችው ዓይነ ትልቅ የእስያ እንስሳም አለች፤ ስትኮረኮር እጆቿን ወደ ላይ ስታነሣ የሚያሳይ ቪዲዮ ሚሊዮኖች አይተውት «ደስ ብሏታል» ብለዋል፣ ብዙዎችም ለቤታቸው አንዲት ተመኝተዋል። ሎሪስ እጆቿን የምታነሣው ግን ስትሰጋ ነው፤ መርዝ የሚያመነጨው ዕጢዋ ክንዷ ላይ ነው።

ትክክለኛ መታየት ምን እንደሚሠራ ደግሞ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ ታይቷል። በ1980 ገደማ የኮንግረስ ጎዳና ድልድይ ሲታደስ ከሥሩ የተፈጠሩት ስንጥቆች ለሌሊት ወፎች ተመቻቸውና በብዛት ሰፈሩበት። ነዋሪው ደነገጠ፤ እንዲጠፉ የሚጠይቅ ፊርማም ተሰበሰበ። ከላይ ያነሣኋቸው ተትል በ1986 ወደዚያችው ከተማ ተዛውረው ያንኑ ሕዝብ በፎቶና በገለጻ አለማመዱት፤ ዛሬ በበጋ እስከ 1.5 ሚሊዮን የሚደርሱት የሌሊት ወፎች ሲወጡ ለማየት ሰው በየምሽቱ ድልድዩ ላይ ይሰለፋል። በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው የሮድሪገስ ደሴትም በ1970ዎቹ ከመቶ በታች ደርሳ የነበረችው ፍራፍሬ በሊታ ዛሬ ከ20,000 በላይ ሆናለች፤ ደን ከመተከሉና በምርኮ ከመራባቷ ጋር በደሴቲቱ ልጆች ዘንድ የተሠራው የማስተዋወቅ ሥራ ድርሻ ነበረው። ሁለቱም ቦታዎች ላይ እንስሳዋ ታየች፤ ነገር ግን ስትሰቃይ አልታየችም።

የመጨረሻውን ነጥብ፣ ማለትም «ሰው ይቅደም» የሚለውን፣ ብዙ አልቆይበትም። ሥጋ የሚበላ ሰው ያለ ፋይዳ የሚደረግን እንግልት መቃወም አይችልም ከተባለ ሥጋ የሚበላ ሐኪምም ለታመመ ከብት ማዘን የለበትም ማለት ነው። ቁም ነገሩ ሰውን ከእንስሳ ማስቀደም ከሆነ ደግሞ በ2024 በዚያው በ«ሳይንስ» የታተመውን የኢኮኖሚ ተመራማሪውን የኢያል ፍራንክን ጥናት ጸሐፊው ቢያነቡት መልካም ነው። ነጭ አፍንጫ የሌሊት ወፎችን በጨረሰባቸው የአሜሪካ አውራጃዎች ገበሬዎች ነፍሳት የሚበሉላቸውን አጥተው የፀረ ተባይ መድኃኒት አጠቃቀማቸውን በ31 በመቶ ገደማ ጨምረዋል፤ በእነዚሁ አውራጃዎች ከአደጋና ከግድያ ውጭ ባሉ ምክንያቶች የሚከሰተው የሕፃናት ሞትም 8 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሰውና የሌሊት ወፍ በአንድ ሚዛን ሁለት ጫፍ ላይ የተቀመጡ ተፎካካሪዎች መሆናቸውን ይህ ቁጥር አይደግፍም።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መካከል «ታዲያ ካሜራው ምን ያሳይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ቅን ስለሚመስለኝ ልመልሰው። ጨለማን ሳይረብሽ በሙቀት የሚያይ ካሜራ ዛሬ አለ፤ የሌሊት ወፍን ድምፅ ወደ ሰው ጆሮ ደረጃ ዝቅ አድርጎ የሚያሰማ መሣሪያም በእጅ የሚያዝ ነው። በዛምቢያ ካሳንካ ብሔራዊ ፓርክ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ እስከ አሥር ሚሊዮን የሚገመቱ ፍራፍሬ በሊታዎች አመሻሽ ላይ ሰማዩን ሞልተው ሲነሡ አንዷንም መንካት አያስፈልግም። ፍርሃት የሚሸጥ ነገር ካስፈለገም ደም መጣጮቹ አሉ፤ ከ1,400ው ዝርያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፣ የሚኖሩትም በላቲን አሜሪካ ነው። ደም ሳታገኝ ሁለት ሦስት ሌሊት ያለፈባት ደም መጣጭ በረኀብ ትሞታለች፤ ጄራልድ ዊልኪንሰን በኮስታሪካ አጥንተው በ1984 እንዳሳተሙት ግን ጠግባ የተመለሰች ጎረቤት ከዋጠችው ደም ላይ አውጥታ ባዶ ሆዷን ለተመለሰችው ታጎርሳታለች። ይህን የሚቀርጽ ካሜራ ሣጥንም ከረጢትም አይፈልግም፤ የሚፈልገው ብዙ ሌሊት መጠበቅን ነው፤ የመሰናዶዎቹ አዘጋጆች የማይከፍሉትም ይህን ይመስለኛል።